ሶላር ማሞቂያዬ ላይ የናኖ ዱቄት ልጨምርበት?

ጥያቄው፦ «ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለ 12 ክፍል ፔንሲዮን አለኝ። ጣሪያው ላይ አራት ሶላር ማሞቂያ ተገጥሟል። ሁለቱ ጠፍጣፋ ፓነል ያላቸው ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ባለ መስታወት ቱቦ። ማታ ውሃው ጥሩ ይሞቃል። ጠዋት ግን ለብ ያለ ነው፤ እንግዳ ያማርራል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማረው የእህቴ ልጅ ‹ናኖፍሉይድ ብንጨምርበት ከሩብ በላይ ይሻሻላል፣ በጥናት ተረጋግጧል› ይለኛል። ዱቄቱን አስመጣለሁ የሚል ነጋዴም አግኝቷል። ሰውየው ቀብድ ጠይቆኛል። ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?»

ጋሼ፣ ቀብዱን አይስጡ። ሰጥተው ከሆነም ዛሬውኑ ይደውሉለት።

የእህትዎን ልጅ ግን እንዳይቆጡት። ያነበበው ነገር እውነት ታትሟል። እኔም በእሱ ዕድሜ አንብቤው ነው የማስተርስ ጽሑፌን በዚሁ በናኖፍሉይድ ላይ የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ኮምቦልቻ ነው። እንጀራዬም ሶላር ማሞቂያ መግጠምና መጠገን ሆኗል። ዱቄቱንም ጣሪያውንም በእጄ ነክቻቸዋለሁ፤ ለዚህ ነው መልሴ ትንሽ የሚረዝመው።

ናኖፍሉይድ የሚባለው ውሃ ወይም ዘይት ነው፤ በጣም የደቀቀ ጠጣር ዱቄት የተበተነበት። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል። የዱቄቱ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በየቤቱ ካሉ ፈሳሾች ውሃን ሙቀት በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ሙቀት በማሳለፍ ግን ሰነፍ ነው። በመለኪያው ብንሄድ ውሃ 0.6 አካባቢ ያገኛል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ማለትም አልሙና፣ ከ30 በላይ ያገኛል። መዳብ 400 ይደርሳል። ስለዚህ ከጎበዙ ትንሽ ወስደን ሰነፉ ውስጥ ብንበትንስ? ይህን ያሰበው ሰው የትናንት አይደለም። ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ቀመሩን አስቀምጦታል። ያኔ የነበረው ዱቄት ግን ሻካራ ነበር። ይዘቅጣል፣ ቧንቧ ይደፍናል፣ ፓምፕ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ቾይ ዱቄቱን ወደ ናኖ መጠን እናውርደው ብሎ ተነሳ። «ናኖፍሉይድ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከእናንተ 30 ኪሎሜትር አይርቅም። በእኛ አገር ገዳማት የብራና መጻሕፍት ጥቁሩ ቀለም ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ? ከጥላሸት ነው። ጥላሸት ራሱ ናኖ ነው፤ አንዷ ቅንጣት በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር የምትለካ ካርቦን ናት። ጥላሸቱን ብቻውን ውሃ ላይ ቢበትኑት ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሃድም። ስለዚህ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ይወቀጣል፤ ለወራት ይቆያል። እህሉና ቅጠሉ የሚሰጡት ሙጫ መሰል ነገር ቅንጣቶቹን ያለብሳቸዋል፤ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሰን የምንለፋው ይህንኑ ለማድረግ ነው። የቁም ጸሐፊው ቀለም ግን ከእኔ ናኖፍሉይድ የተሻለ ዕድሜ ነበረው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ጣሪያው ላይ እንውጣ። በመጀመሪያ ጠፍጣፋዎቹን እንይ።

አንዱ ፓነል 2 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 1,000 ዋት ፀሐይ ይወርድበታል። በድምሩ 2,000 ዋት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉን መስታወቱ መልሶ ያንጸባርቀዋል፣ ጥቁሩ ቀለምም ሁሉን አይውጥም። 1,600 ይቀራል። ጥቁሩ ሳህን ሲግል ደግሞ በመስታወቱ በኩል ለነፋሱና ለሰማዩ ሙቀት ይሰጣል። ተራ ፓነል ከአካባቢው አየር በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር 11 ዋት ያህል ያጣል። ሳህኑ 50 ዲግሪ፣ የደሴ አየር 22 ዲግሪ ቢሆን 300 ዋት ሄደ ማለት ነው። ወደ ውሃው የሚገባው 1,300 አካባቢ ይሆናል።

ናኖፍሉይዱ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ይነካል? መስታወቱን አይነካም። ቀለሙንም፣ ነፋሱንም አይነካም። የሚነካው ሙቀቱ ከመዳብ ቱቦው ግድግዳ ወደ ውሃው የሚሻገርባትን አንዲት እርምጃ ብቻ ነው። ይህች እርምጃ ማነቆ መሆኗ አይካድም። በስምንት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ፣ 1,300 ዋቱ እንዲሻገር ሳህኑ ከውሃው በ9 ዲግሪ ያህል መብለጥ አለበት። ያ 9 ዲግሪ በ11 ሲባዛ 100 ዋት ግድም ነው። ልብ ይበሉ፤ በዓለም ላይ ያለውን ምርጥ ፈሳሽ፣ ተአምረኛ ፈሳሽ ቢያስገቡበት እንኳ የሚያተርፉት ከፍተኛው ይህ 100 ዋት ነው።

የናኖ ዱቄቱ ደግሞ ተአምረኛ አይደለም። ከውሃው መጠን 1 በመቶ አልሙና ቢገባ፣ በማክስዌል ቀመር ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ በ3 በመቶ ያድጋል። 9 ዲግሪው 8.7 ይሆናል። ትርፉ 3 ዋት።

3 ዋት፣ ጋሼ። ትንሽ የስልክ ቻርጀር 5 ዋት ይስባል።

እሱም ሳይቆረጥ አይደርስዎትም። ዱቄት የገባበት ውሃ ይወፍራል። በ1 በመቶ ዱቄት ቢያንስ 2.5 በመቶ ይወፍራል፤ ይህ ደግሞ የአንስታይን ቀመር ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1906። በተግባር ከዚያም ይብሳል። የእርስዎ ማሞቂያ ፓምፕ የለውም። ውሃው የሚዘዋወረው የሞቀው ስለሚቀልና ወደ ላይ ስለሚወጣ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ለስላሳ ጉልበት ላይ ውፍረት ሲጨመርበት ዝውውሩ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ዱቄቱ የውሃውን ሙቀት የመያዝ አቅም ይቀንሳል። 3 ዋቷ መንገድ ላይ ተበላች።

እንደ ቀልድ ይውሰዱልኝና፣ ፓነሉን ነቅለው በሀረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ይዘውት ቢወርዱ ይሻልዎታል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል አየሯ በ4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አራት ጊዜ 11፣ 44 ዋት። ከናኖው አሥራ አራት እጥፍ!

ታዲያ «ከሩብ በላይ» የሚለው ከየት መጣ? የእህትዎ ልጅ ያነበበው እ.ኤ.አ. በ2012 ከኢራን የታተመውን ሥራ ወይም እሱን የሚጠቅስ ሌላ ጽሑፍ ይመስለኛል። እዚያ ላይ በክብደት 0.2 በመቶ አልሙና በጠፍጣፋ ፓነል ውስጥ ገብቶ ብቃቱ በ28.3 በመቶ ተሻሻለ ይላል። በጣም የሚጠቀስ ጽሑፍ ነው። ሰዎቹ ዋሹ አልልም። ግን በክብደት 0.2 በመቶ አልሙና በመጠን ሲሰላ 0.05 በመቶ ነው፤ አልሙና ከውሃ አራት እጥፍ ያህል ይከብዳልና። በማክስዌል ብንሄድ 0.15 በመቶ ብቻ ማደግ ነበረበት። ከ0.15 ወደ 28 የሚያሻግር ድልድይ እኔ አላየሁም።

የመለኪያ ነገር ደግሞ አለ። የፓነል ብቃት የሚሰላው በመግቢያና በመውጫ ውሃ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ቴርሞሜትርዎ በግማሽ ዲግሪ ከተሳሳተ 10 በመቶ ተሳሳቱ ማለት ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቢሳሳት፣ የፀሐይ መለኪያው ትንሽ ቢያዛባ፣ የፍሰት መለኪያው በወፈረው ፈሳሽ ቢታለል፣ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። እኔም በጽሑፌ ላይ 11 በመቶ መሻሻል አግኝቼ ጨፍሬ ነበር። በኋላ መግቢያና መውጫው ላይ ያሉትን ሁለት የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች (ቴርሞኮፕሎች) ቦታ አቀያየርኳቸው። መሻሻሉ ጠፋ። ያን ዕለት ማታ እራቴን አልበላሁም።

የዱቄቱ ጉዳይ በሳይንሱ ዓለምም ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። መጀመሪያ ላይ ማክስዌልን የሚያስንቁ ቁጥሮች ይወጡ ነበር። በመጨረሻ ከ30 በላይ ተቋማት ተስማምተው አንድ ዓይነት ናሙና ተከፋፈሉና እየራሳቸው ለኩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የድሮው ቀመር በቂ ነው፤ ተአምር የለም የሚል ነበር። ናኖፍሉይድ ይሸጣል ብለው ለሚመጡ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ይንገሯቸው።

ስለ መስታወት ቱቦዎቹ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። እነሱ ድርብ መስታወት ናቸው፤ በመካከሉ አየር የለም። አየር ስለሌለ ሙቀት በጣም ጥቂት ነው የሚያጡት። ማጣት በቀነሰ ቁጥር ደግሞ የናኖው ትርፍ አብሮ ይቀንሳል። ግን ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ያው ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ደግሞ በሻወሩ የሚወርደው ነው። አልሙና ምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ አናጺ ቤት ያለው ብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው ሻካራ ነገር ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እንግዳዎ በእሱ ገላውን ሊታጠብ? ፊቱን፣ አፉን ሊያጥብበት?

ጠፍጣፋዎቹም ቢሆኑ እኛ አገር አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ራሱ የሚታጠቡበት ውሃ ነው በፓነሉ ውስጥ የሚያልፈው። ናኖፍሉይድ የሚገባው በዝግ ዙር፣ ለብቻው በሚዘዋወር ፈሳሽ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሙቀቱን ለመታጠቢያው ውሃ በግድግዳ በኩል ያቀብላል። የእርስዎ እንደዚያ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ ለፓነሉ የተለየ መሙያ አፍ እንዳለው ይዩ። ከሌለው ነገሩ እዚያው አበቃ።

አሁን ስለ መዝቀጥ። ይህ ክፍል ለልጁ ነው፤ ያንብቡለት።

ቡና ተፈልቶ ጀበናው ለምን እንደሚሰክን ሁላችንም እናውቃለን። አተላው ይወርዳል፣ ጠቆር ያለው ጥሩው ከላይ ይቀራል። ቅንጣት የምትወርድበት ፍጥነት በመጠኗ ካሬ ነው የሚወሰነው። 30 ናኖሜትር የሆነች የአልሙና ቅንጣት ብቻዋን ብትሆን በቀን አንድ ስምንተኛ ሚሊሜትር ያህል ነው የምትወርደው። ያቺም እርምጃ የውሃው ሞለኪውሎች እየገፉ ሲያንገላቱዋት ትጠፋለች። አትሰክንም ማለት ይቻላል። ችግሩ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። ቅንጣቶች ይዋደዳሉ። ሲገናኙ ይጣበቃሉ። ተጣብቀው አንድ ማይክሮሜትር የሆኑ እንደሆነ ፍጥነታቸው ከሺህ እጥፍ በላይ ይጨምራል። በቀን 14 ሴንቲሜትር!

እኔ ያኔ 0.5 በመቶ አልሙና በውሃ በጥብጬ፣ በአልትራሳውንድ ሁለት ሰዓት አንቀጥቅጬ፣ እንደ አብሲት ነጣ ያለ ፈሳሽ አወጣሁ። በሚያምር የመስታወት ጠርሙስ አስቀመጥኩት፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንዳለ ቆየ። ኩራቴ ሌላ ነው። ፓነሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ቀን 60 ዲግሪ፣ ሌሊት 10 ዲግሪ እየተፈራረቀበት ዘጠነኛው ቀን ላይ የፓነሉን የታች ቧንቧ ስፈታ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ከስምንቱ ቱቦዎች ሦስቱ አፋቸው ተዘግቷል። የሚያጣብቀው ምንድን ነው ካላችሁ አንዱ የውሃው አሲድነት ነው። አልሙና ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ 9 አካባቢ ሲደርስ ኤሌክትሪካዊ መገፋፋቱን ያጣና ይረጋል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምም ያግዘዋል። እንዳይጣበቅ የሚጨመረው ሳሙና መሰል ኬሚካል ደግሞ ከ60 እና 70 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራል፤ አረፋም ያበዛል። ፓነል ደግሞ ማንም ካልታጠበበት በቀላሉ 80 ይደርሳል። ያን ፓነል በእጄ በሽቦ እየኮረኮርኩ ነው ያጸዳሁት።

ዱቄቱ ሳይበጠበጥ በፊትም ጉዳት አለው። አንድ ማንኪያ ከላስቲኩ ሲወጣ ይጨሳል፤ ጭሱን ሳንባ ይጠጣዋል። ያለ ጭንብል፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ፣ አይከፈት።

ይህን ሁሉ ብዬ ናኖፍሉይድ ውሸት ነው አላልኩም። ቦታው ሌላ ነው ነው የምለው። ልጁም ጉልበቱን እዚያ ላይ ቢያፈስ ደስ ይለኛል።

ውሃን በብርጭቆ ፀሐይ ላይ ቢያኖሩት ብርሃኑ ያልፈዋል። የሚታየውን ብርሃን ውሃ አይውጠውም። ለዚህ ነው ጥቁር ሳህን ያስፈለገን። ሳህኑ ይሞቅና ለውሃው ያቀብላል። ሳህኑ ግን የግድ ከሁሉ የበለጠ የሚግለው ነገር ነው፤ የሚባክነውም ከእሱ ላይ ነው። አሁን ውሃው ራሱ ጥቁር ቢሆንስ? ብርሃኑን ራሱ ቢጠጣውስ? ያኔ አቀባይ አያስፈልግም። ይህን ጥቁር ፈሳሽ እየተባለ እ.ኤ.አ. በ1975 ሞክረውታል፤ ያኔ ተራ ጥቁር ቀለም ነበር የተጠቀሙት። ናኖ ሲመጣ ሐሳቡ ታደሰ። ለዚህ ሥራ ዱቄቱ በጣም ጥቂት ነው የሚፈለገው፤ ከአንድ በመቶ መቶኛ ያነሰ ካርቦን ጥቂት ሴንቲሜትር የሚያህልን የውሃ ጥልቀት ሊያጨልም ይችላል። ጥቂት በመሆኑም አይወፍርም፣ የመዝቀጥ አደጋውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሙከራ ግራፋይት፣ የካርቦን ናኖቱቦና ብር በመጠቀም እስከ 5 በመቶ መሻሻል አግኝቷል። 5 በመቶ ትሑት ቁጥር ነው። የማምነውም ለዚህ ነው።

ብርሃኑን በመስታወት አሰባስቦ በሚያቃጥል ማሞቂያ ላይ ደግሞ ጥቅሙ ይጎላል። እዚያ ሳህን ላይ የሚያርፈው ሙቀት ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሳህኑና የፈሳሹ ልዩነት ይሰፋል። የሚዘዋወረውም ብዙ ጊዜ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ከውሃ አራት አምስት እጥፍ ይሰንፋል። ለሻወር ሳይሆን ለፋብሪካ እንፋሎት የሚያስቡ ሰዎች ናቸው እዚያ የሚሠሩት። ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃ ጨርቅም ቢራም አለ፤ ሙቀት የሚፈልግ አይጠፋም።

ልጁ ይህን በትንሽ ወጪ ማየት ይችላል። ሦስት አንድ ዓይነት የመስታወት ጠርሙሶች ይያዝ። በአንዱ ንጹህ ውሃ ይሁን። በሁለተኛው ንጹህ ውሃ ሆኖ ጠርሙሱ ከውጭ ጥቁር ይቀባ። ሦስተኛው ውስጥ የብራና ጥቁር ቀለም ጠብታ ይጨመርበት፤ ጣቱን ከጠርሙሱ ጀርባ አድርጎ በጭላንጭል እስኪያያት ድረስ ብቻ። ሦስቱንም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ያቁማቸው። ቴርሞሜትሩ አንድ ይሁን፤ በየተራ ይንከር። ያው የምልዎት ስህተት እንዳይመጣ ነው። ከዚያ ጠርሙሶቹን ቦታ አቀያይሮ በማግስቱ ይድገመው። ሦስተኛውን ጠርሙስ ደግሞ ለአንድ ወር መደርደሪያ ላይ ይተወውና ይዝቀጥ አይዝቀጥ ይይ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ መነሳት ከቻይና ዱቄት ከማስመጣት ይበልጣል። ጥላሸት ከየማድ ቤቱ በነጻ ነው።

አሁን ወደ ለብ ያለው ውሃዎ።

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማታ ይሞቃል ብለዋል። ስለዚህ ፓነሉ ሥራውን ሠርቷል! የሚጠፋው ሌሊት ነው። ሌሊት የሚጠፋን ሙቀት ቀን የሚገባ ዱቄት አያድነውም። 200 ሊትር ታንከር ማታ 55 ዲግሪ ሆኖ ጠዋት 40 ቢገኝ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ጠፍቷል። የናኖው 3 ዋት ሙሉ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢሠራ 18 ዋት ሰዓት ነው። ወደ 200 እጥፍ ልዩነት።

ደሴ ሌሊቷን ያውቋታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለሰማይ ሙቀቱን ይሰጣል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኋልዮሽ ዝውውር ነው። ቀን ፓነሉ ሞቆ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌሊት ፓነሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ ይከብድና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከታንከሩ ሙቁን ውሃ እየሳበ ያወርዳል። ፓነሉ ሌሊቱን ሙሉ ሰማይን ያሞቃል ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው የታንከሩ ሥር ከፓነሉ አናት ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ነው። አንድ ደሴ ያለ ቤት ውስጥ ታንከሩን ከመንገድ እንዳይታይ ብለው ከፓነሉ ጎን ዝቅ አድርገው አስቀምጠውት አገኘሁ። በያጅ ጠርተን የብረት መቆሚያ አሠራን፣ 40 ሴንቲሜትር አነሳነው። ሌላ ምንም አልነካንም። በማግስቱ ጠዋት የቤቱ እመቤት እጇን ስታጠብ «ኧረ ይፈጃል!» አለች።

የእርስዎን ለማወቅ ማታ 3 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ጣሪያ ይውጡ። ከፓነሉ አናት ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቧንቧ ይዳስሱ። ፀሐይ ከጠለቀች ሦስት ሰዓት ሆኗታል፤ መቀዝቀዝ አለበት። ሞቆ ካገኙት ሌባው እሱ ነው።

ሁለተኛው እርቃኑን የሄደ ቧንቧ ነው። ግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ 50 ዲግሪ ውሃ ይዞ በ15 ዲግሪ አየር ውስጥ ሲቆም በአንድ ሜትር 25 ዋት ያህል ያጣል። አንድ ሜትር ብቻ! የናኖው ስምንት እጥፍ። ጥቁሩን የስፖንጅ ሽፋን ያልብሱት፤ ፀሐይ እንዳይበላው ከላይ በአልሙኒየም ቴፕ ይጠቅልሉት። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውሃ ከጠጣ ከሌለ አይሻልም።

ከዚያ የሚቀረው ጥቃቅን ነው። መስታወቱን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ በጠዋት፣ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የፓነሉ ጎሚኒ ደርቆ ከውስጥ ጤዛ ከያዘ በሲሊኮን ያሽጉት። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ቱቦዎቹም እንደዚያው ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ በኮምጣጤ ይጠቡ። ፓነሉ ወደ ደቡብ መዞሩን ይዩ። ደሴ በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን 34 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሙቅ ውሃ የሚፈለገውም ያኔ ስለሆነ 20 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ጥሩ ነው። የጦሳ ተራራ ከሰዓት በኋላ ጥላውን ቀድሞ የሚጥልበት ሰፈር ከሆኑ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ቢያዘነብል አይጎዳም። በክረምት ደመናው ሳምንት ሲቀመጥ ግን ማንም አይረዳዎትም፤ ለዚያ ሬዚስታንሱን (የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን) ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲነሳ በሰዓት መቆጣጠሪያ ያስሩት። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

አብሽሩ፤ ይህ ለነጋዴው ከሚከፍሉት ባነሰ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አንድ ሌሊት ብቻ ይታገሱኝ። የታንከሮቹን መውጫ ቫልቮች ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዝጉ፤ ከመዝጋትዎ በፊት የእያንዳንዱን ሙቀት ይለኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከፍተው እንደገና ይለኩ። የጠፍጣፋዎቹንና የቱቦዎቹን ለየብቻ ጽፈው ይላኩልኝ። አምስት ስድስት ዲግሪ መውረድ የጤና ነው። ጠፍጣፋዎቹ ብቻ ከ10 በላይ ከወረዱ በያጅ ይጥሩ። አራቱም እኩል ከወረዱ ደግሞ የታንከሮቹ ፎም ውሃ ገብቶበት ይሆናል፤ ያኔ ቅዳሜ ሀረጎን ወጥቼ ራሴ አያቸዋለሁ።